በሲ ፕሮግራም ውስጥ የዩኒክስ ሲግናልን በአስተማማኝ መንገድ ማስተናገድ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር በምስጠራ የሚያገናኘው የኦፕን ኤስኤስኤች ፕሮግራም አዘጋጆች ስሪት 9.8ን ሲያወጡ አንድ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ እየደፈኑ ነበር። ቀዳዳውን ያገኙት የደኅንነት ኩባንያው የኳሊስ ተመራማሪዎች ናቸው፤ መነሻው ደግሞ አንድ የሲግናል ሃንድለር ነው። ሲግናል ለፕሮሰስ (በመሥራት ላይ ላለ ፕሮግራም) የሚደርስ አጭር ማሳወቂያ ነው፤ ሃንድለር ደግሞ ሲግናሉ ሲደርስ የሚጠራው ፋንክሽን ነው። አንድ ተጠቃሚ በ120 ሰከንድ ውስጥ ማንነቱን ካላረጋገጠ ለሰርቨሩ ሲግአላርም የተባለው የሰዓት ቆጣሪ ሲግናል ይደርሰዋል፤ ሃንድለሩም ግንኙነቱን ከመዝጋቱ በፊት ሁኔታውን ለመመዝገብ የሲስሎግ ፋንክሽንን ይጠራ ነበር። ጂሊብሲ የተባለውን የሲ ቤተ መጻሕፍት በሚጠቀሙ የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ይህ ፋንክሽን በውስጡ ማህደረ ትውስታ ሊመድብ ይችላል። ሲግናሉ የደረሰው ዋናው ፕሮግራም ራሱ ማህደረ ትውስታ በመመደብ ወይም በመመለስ ላይ ሳለ ከሆነ፣ ሃንድለሩ በግማሽ የተሻሻለ መዋቅር ላይ ይሠራል፤ አጥቂም ይህችን ቅጽበት ደጋግሞ በመሞከር አጥምዶ በሩት (የሥርዓቱ የበላይ ተጠቃሚ) ሥልጣን የራሱን ኮድ ሊያስኬድ ይችል ነበር። ቀዳዳው በ2006 አንድ ጊዜ ተደፍኖ የነበረ ሲሆን በ2020 በተደረገ የኮድ ለውጥ ተመልሶ ገባ። ኦፕን ቢኤስዲ ግን አልተነካም፤ በዚያ ሥርዓት ሃንድለሩ የሚጠራው ከሃንድለር ውስጥ ቢጠራ እንዳይሰበር ተደርጎ የተሠራ የሲስሎግ ዓይነት ነው።

እንዲህ ያለው ስህተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። ኮዱ ሲነበብ ትክክል ይመስላል፣ ሲሞከር ይሠራል፤ የሚሰበረው ሲግናሉ በአንዲት የተለየች ቅጽበት ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ የሚቀዳው ከአንድ አቋም ነው፦ ሲግናል በየትኛውም መስመር ላይ ሊደርስ ይችላል ብሎ ሃንድለሩን ከማጠናከር ይልቅ፣ ሲግናሉ የሚደርስበትን ቦታ ፕሮግራሙ ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ይሻላል።

ሲግናል እስኪደርስ ድረስ

ሲግናልን የሚያመነጨው ሌላ ፕሮሰስ፣ ተርሚናሉ፣ ሰዓት ቆጣሪ ወይም ፕሮሰሱ ራሱ የማይገባውን የማህደረ ትውስታ ክፍል መንካቱ ሊሆን ይችላል። ምንጩ የትኛውም ቢሆን ከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) መጀመሪያ የሚያደርገው በተጠባባቂዎች ስብስብ ውስጥ የሲግናሉን ቢት ማብራት ነው፤ ፕሮሰሱ ከከርነል ወደ ራሱ ኮድ በሚመለስበት ጊዜ ስብስቡ ይታይና ያልታገደ ሲግናል ከተገኘ የተመደበለት እርምጃ ይፈጸማል። እርምጃው ከሦስት አንዱ ነው፦ ለአብዛኞቹ ሲግናሎች ፕሮሰሱን መግደል የሆነው ነባሪ እርምጃ፣ ችላ ማለት፣ ወይም ፕሮግራመሩ የጻፈውን ሃንድለር መጥራት። ቁጥሩ 9 የሆነው ገዳዩ ሲግኪል እና ፕሮሰስን ለጊዜው የሚያቆመው ሲግስቶፕ ግን አይያዙም፣ አይታገዱም፣ ችላም አይባሉም።

ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የታገደ ሲግናል አይጠፋም፤ እገዳው እስኪነሣ በተጠባባቂነት ይቆያል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና መሣሪያም ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ የተለመዱት ሲግናሎች አይቆጠሩም። የበራን መብራት ደግሞ ማብራት ሁለት መብራት እንደማያደርገው ሁሉ፣ ሲግናሉ ታግዶ ሳለ አምስት ጊዜ ቢላክ ፕሮግራሙ የሚያየው አንዱን ብቻ ነው። ተራ በተራ የሚሰለፉት ከሲግ-አርቲ-ሚን እስከ ሲግ-አርቲ-ማክስ ያሉት የሪል ታይም ሲግናሎች ናቸው።

ሃንድለሩን በሲግአክሽን መጫን

በአዲስ ኮድ ውስጥ ሃንድለርን ለመጫን «ሲግናል» የተባለውን አሮጌ ፋንክሽን መጠቀም አይገባም። በሲስተም ፋይቭ ሥርዓት ሲግናሉ እንደደረሰ እርምጃው ወደ ነባሪው ይመለስ ስለነበር፣ ሃንድለሩ ራሱን እንደገና እስኪጭን ባለችው ክፍተት ሁለተኛ ሲግናል ቢመጣ ፕሮግራሙ ይሞታል። ቢኤስዲ በ1983 በወጣው 4.2 ስሪት ይህን አረመ፤ ነገር ግን የፋንክሽኑ ስም አንድ ሆኖ ባሕርይው ሁለት ሆነ። የ1988ቱ ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች የጋራ ደረጃ) ሲግአክሽንን የደነገገው ይህን ውዥንብር ለማጥራት ነው። አሮጌው ፋንክሽን ዛሬ ጉዳት የሌለው ሲግናልን ችላ ለማለት ወይም ወደ ነባሪው ለመመለስ ሲያገለግል ብቻ ነው።

ሲግአክሽንን ለመጥራት በመጀመሪያ ስትራክቸሩን ሙሉ በሙሉ በዜሮ ይሙሉት፤ ከዚያ የሃንድለሩን አድራሻ ያስቀምጡ፤ የማስክ (የሚታገዱ ሲግናሎች ስብስብ) መስኩን በሲግኤምፕቲሴት ባዶ ያድርጉትና ሃንድለሩ በሚሠራበት ጊዜ መታገድ ያለባቸውን ሌሎች ሲግናሎች ይጨምሩበት። ፕሮግራሙ እንዲቆም የሚጠይቀው ሲግተርምና ኮንትሮልና ሲ ሲጫን የሚላከው ሲግኢንት አንድ ሃንድለር የሚጋሩ ከሆነ ሁለቱም በማስኩ ውስጥ ይግቡ፤ አለበለዚያ አንዱ ሃንድለር በሌላው መሃል ሊገባ ይችላል። ጥሪው የመለሰውንም ዋጋ ይመርምሩ፤ ሃንድለር ሳይጫን ቀርቶ ሥራው ከቀጠለ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ጥንታዊ ልማድ አለ። ፕሮግራሙ ተርሚናሉ ሲዘጋ እንዳይሞት በሚያደርገው በኖሃፕ ትእዛዝ በኩል ከተጀመረ፣ የተርሚናሉን መዘጋት የሚያሳውቀው ሲግሃፕ አስቀድሞ ችላ እንዲባል ተደርጎ ነው የሚደርሰው። ሃንድለሩን ከመጫን በፊት የቀድሞውን እርምጃ ጠይቆ፣ ችላ መባል ሆኖ ከተገኘ እንዳለ መተው የተጠቃሚውን ፈቃድ ማክበር ነው።

በሃንድለሩ ውስጥ የሚፈቀደው

በብዙ ትሬድ (በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) የሚሠራ አንድ ፕሮግራም ማህደረ ትውስታ በሚመድበው በማሎክ ውስጥ ሆኖ የማህደረ ትውስታውን ሎክ (ሌላ እንዳይገባ የሚከለክል ቁልፍ) ይዟል እንበል። በዚያችው ቅጽበት ለዚያው ትሬድ ሲግተርም ይደርሰዋል፤ ሃንድለሩም «በመዘጋት ላይ» የሚል መልእክት በፕሪንትኤፍ ለማውጣት ይሞክራል። ፕሪንትኤፍ የመጀመሪያ ጽሑፉ ከሆነ ቋት ያስፈልገውና ማሎክን ይጠራል፤ ማሎክ ሎኩን ይጠይቃል፤ ሎኩን የያዘው ግን ሃንድለሩ እስኪጨርስ የሚጠብቀው ያው ትሬድ ነው። ሃንድለሩ ሎኩን ይጠብቃል፣ ሎኩን የያዘው ኮድ ሃንድለሩን ይጠብቃል፤ ፕሮሰሱን ከውጭ ከመግደል በቀር መፍትሔ አይኖርም። ፕሮግራሙ ባለ አንድ ትሬድ ሆኖ ቤተ መጻሕፍቱ ሎኩን ቢዘለው ደግሞ የባሰ ነው፤ አይቆምም፣ መዋቅሩን አበላሽቶ ይቀጥላል።

ፖዚክስ ከሃንድለር ውስጥ ያለ ስጋት ሊጠሩ የሚችሉ ፋንክሽኖችን በዝርዝር ደንግጓል። ራይት፣ ሪድ፣ ኪል፣ ዌይትፒአይዲ፣ ሲግአክሽን እና በአንደርስኮር የሚጀምረው ኤግዚት ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ማሎክ፣ ፍሪ፣ የፕሪንትኤፍ ቤተሰብ በሙሉ (ወደ ቋት ብቻ የሚጽፈው ኤስኤንፕሪንትኤፍም ጭምር)፣ ሲስሎግ፣ የሚውቴክስ ሎክ እና ተራው ኤግዚት የሉም። ተራው ኤግዚት የተመዘገቡ የመውጫ ፋንክሽኖችን ስለሚያስኬድና የስታንዳርድ አይኦ ቋቶችን ስለሚያራግፍ፣ ከሃንድለር ውስጥ መጥራቱ ዝርዝሩን በጅምላ እንደ መጣስ ነው። በሲግሎንግጃምፕ ከሃንድለር ዘሎ መውጣትም ከዚህ አይሻልም፤ የተቋረጠው ኮድ የጀመረውን ሳይጨርስ ይቀራል፣ ይዞት የነበረው ሎክም አይለቀቅም።

ስለዚህ ሃንድለሩ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ፦ ምልክት ይተው። ምልክቱ ቮላታይል ተብሎ የተሰየመ፣ ዓይነቱ ሲግ-አቶሚክ-ቲ የሆነ ግሎባል ቫሪያብል ነው። ቮላታይል ካልተባለ ኮምፓይለሩ እሴቱን በሬጅስተር ውስጥ አስቀምጦ ዋናው ሉፕ ለውጡን ፈጽሞ ላያይ ይችላል፤ ዓይነቱ ሌላ ከሆነ ደግሞ በግማሽ የተጻፈ እሴት ሊነበብ ይችላል። የሲ ደረጃ ለዚህ ዓይነት ዋስትና የሚሰጠው እስከ 127 ላሉ ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ እንደ ቆጣሪ አይገለገሉበት፤ እንደ ባንዲራ ግን ይበቃል። በብዙ ትሬዶች መካከል የሚታይ ምልክት ካስፈለገ በ2011 ወደ ቋንቋው የገቡት ሎክ የማይጠይቁ አቶሚክ ዓይነቶች ተገቢ ናቸው።

ሃንድለሩ ራይትን ወይም ሌላ ሲስተም ኮል (ለከርነሉ የሚቀርብ ጥሪ) የሚጠራ ከሆነ፣ ሲገባ የመጨረሻውን ስህተት ቁጥር የሚይዘውን ኤርኖን በአካባቢያዊ ቫሪያብል ያስቀምጥ፣ ሲወጣም ይመልሰው። ይህ ካልተደረገ ዋናው ፕሮግራም አንድ ጥሪ ወድቆበት ኤርኖን ለማንበብ አንድ መስመር ሲቀረው ሃንድለሩ ገብቶ ይለውጥበታል፤ የስህተት መልእክቱም ከእውነተኛው ምክንያት ጋር የማይገናኝ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ስህተት ከመዝገብ ላይ ተነሥቶ መልሶ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

የሚቋረጡ ሲስተም ኮሎች

ሪድ መረጃ እየጠበቀ ሳለ ሃንድለር ቢጠራ፣ ሪድ አሉታዊ 1 መልሶ በኤርኖ ውስጥ ኢኢንትር የተባለውን የመቋረጥ ስህተት ይተዋል። የተወሰነ መረጃ አስቀድሞ ተላልፎ ከሆነ ግን ስህተት ሳይሆን የተላለፈውን የባይት ብዛት ይመልሳል፤ ከተጠየቀው ማነሱን የማይመረምር ኮድ መረጃ ያጣል። ኤስኤ ሪስታርት የተባለው ፍላግ ከርነሉ አንዳንድ ጥሪዎችን ራሱ እንዲደግም ያደርጋል፤ ዳሩ ግን ሁሉንም አይደለም። ፖል፣ ሰሌክት፣ ኢፖል (ሦስቱም ብዙ ዲስክሪፕተሮችን፣ ማለትም የተከፈቱ ፋይሎችና ሶኬቶች ቁጥሮችን፣ በአንዴ የሚጠብቁ ናቸው)፣ ናኖስሊፕ እና ፖዝ በሊኑክስ ላይ ፍላጉ ቢኖርም ባይኖርም ይቋረጣሉ፤ የጊዜ ገደብ የተደረገበት ሶኬት ላይ የሚደረግ ንባብም እንዲሁ።

በእኔ ግምት ፍላጉ ስለ ልጅ ፕሮሰስ ለሚያሳውቀው ለሲግቻይልድና ለመሰሎቹ ጠቃሚ ሲሆን፣ ፕሮግራሙን ለማስቆም ለሚላኩ ሲግናሎች ግን መተው አለበት፤ ሲግተርም ደርሶ ምልክቱ ከበራ በኋላ ሪድ ራሱን ቢደግም ዋናው ሉፕ ምልክቱን የሚያይበት ዕድል አያገኝም። የሆነ ሆኖ በፍላጉ ብቻ መመካት ስለማይቻል፣ እያንዳንዱን የሚጠብቅ ጥሪ ኢኢንትርን በሚመረምር ሉፕ መክበብና በሉፑም ውስጥ የመቆም ምልክቱን ማየት ይገባል። ከዚህ ልማድ የሚወጣው ክሎዝ ነው። በሊኑክስ ክሎዝ ኢኢንትርን ቢመልስም ዲስክሪፕተሩ ተለቋል፤ ጥሪውን መድገም በመካከል ሌላ ትሬድ የከፈተውንና ያንኑ ቁጥር ያገኘውን ፋይል ሊዘጋ ይችላል።

በመመርመርና በመተኛት መካከል ያለው ክፍተት

እስካሁን የተባለውን ሁሉ የጠበቀ ፕሮግራም አሁንም ሊሰበር ይችላል። ዋናው ሉፕ የመቆም ምልክቱን ይመረምራል፤ ካልበራ ፖልን ጠርቶ ይተኛል። ሲግናሉ ከምርመራው በኋላ፣ ከፖል በፊት ቢደርስስ? ሃንድለሩ ምልክቱን ያበራል፣ ይመለሳል፤ ፕሮግራሙ ግን መርምሮ ጨርሷልና ይተኛል፤ ሌላ ነገር እስኪቀሰቅሰው ድረስ ምልክቱን አያየውም። ክፍተቷ የጥቂት መመሪያዎች ስፋት ብቻ ስላላት በእጅ ሙከራ አትገኝም፤ ሰርቨሩ ለወራት ሲሠራ ግን አንድ ቀን መቆም አልችል ይላል። ፖልን በአጭር የጊዜ ገደብ እየጠሩ መመርመር የተለመደ ማምለጫ ነው፤ ክፍተቷን አይዘጋም፣ መዘግየቷን ብቻ ይወስናል፤ በዚያ ላይ ሥራ የሌለውን ፕሮሰስ በየጊዜው ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል።

እውነተኛው መፍትሔ የሚጀምረው ከእገዳ ነው። ፕሮግራሙ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሲግተርምንና ሲግኢንትን በሲግፕሮክማስክ ያግዳል፤ የቀድሞውንም ማስክ ያስቀምጣል። ከዚያ በዋናው ሉፕ ምልክቱን ይመረምርና በፖል ምትክ ፒፖልን ወይም ፒሰሌክትን ይጠራል፤ ለእነዚህም ሁለቱ ሲግናሎች ያልታገዱበትን ማስክ ያቀብላቸዋል። ከርነሉ ማስኩን መቀየርን፣ መተኛትንና ማስኩን መመለስን ሳይነጣጥል በአንድነት ያከናውናል፤ በመካከል ሲግናል የሚሾልክበት ቀዳዳ የለም። ከምርመራው በኋላ የመጣ ሲግናል ታግዶ ይቆይና ፒፖል ማስኩን ባነሣበት ቅጽበት ይደርሳል፤ ጥሪውም በኢኢንትር ይመለሳል። የሚጠበቅ ዲስክሪፕተር በሌለበት ሲግሰስፔንድ ተመሳሳዩን ያደርጋል።

የዚህ ዘዴ ትሩፋት ክፍተቱን መዝጋቱ ብቻ አይደለም። ሃንድለሩ ከእንግዲህ የሚሠራው ፕሮግራሙ በፒፖል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ብቻ ነው፤ በማሎክ መሃል፣ በፕሪንትኤፍ መሃል ወይም መዋቅር በማስተካከል መሃል ሊገባ አይችልም። ሌሎች ሲስተም ኮሎችም በእነዚህ ሲግናሎች ምክንያት አይቋረጡም። የፈቃድ ዝርዝሩን መጠበቅ አሁንም ይመከራል፣ ነገ ሌላ ሰው እገዳውን ሊያነሣው ይችላልና፤ ነገር ግን አደጋው ከሥሩ ተነቅሏል።

አንድ ጥንቃቄ ይቀራል። በሊኑክስ ፒፖል ሲጠራ ዝግጁ ዲስክሪፕተር ካለ ሲግናሉን ሳያደርስ ብዛቱን መልሶ ማስኩን ወደ ነበረበት ሊመልስ ይችላል። ፋታ በማያገኝ ሰርቨር ላይ ሲግተርም በዚህ የተነሣ ሊዘገይ ይችላል። ፒሰሌክትም በሊኑክስ ከ1024 በታች ቁጥር ያላቸውን ዲስክሪፕተሮች ብቻ ያስተናግዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰርቨር ሲግናሉን ራሱን ወደ ዲስክሪፕተር መለወጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው መንገድ በዳንኤል በርንስታይን ስም የሚታወቀው የራስ ፓይፕ ዘዴ ነው። ፕሮግራሙ ለራሱ ፓይፕ ይከፍታል፤ ሁለቱንም ጫፎች የማያስጠብቁና በኤግዜክ (ፕሮሰሱ ሌላ ፕሮግራም በሚጭንበት ጥሪ) ጊዜ የሚዘጉ ያደርጋቸዋል፤ ሃንድለሩ አንድ ባይት ይጽፋል፤ ዋናው ሉፕ የማንበቢያውን ጫፍ ከሌሎች ዲስክሪፕተሮች ጋር በፖል ይጠብቃል። ሲግናሉ ከፖል በፊት ቢደርስ ባይቱ ፓይፑ ውስጥ ስላለ ፖል ወዲያው ይመለሳል። ፓይፑ ሞልቶ ራይት ኢአጌይንን ቢመልስ ችላ ይባላል፤ የሞላ ፓይፕ ሉፑን መቀስቀሱ አይቀርምና። የመጻፊያው ጫፍ የሚያስጠብቅ ሆኖ ከተተወ ግን ሃንድለሩ ራሱ ባዶ እስኪሆን በሚጠብቀው ፓይፕ ላይ ይቆማል፣ ባዶ የሚያደርገውም ያቋረጠው ኮድ ነው። ይህ ዘዴ በሁሉም ዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ ስለሚሠራ፣ ወደ ሌላ ሥርዓት ሊሻገር ለሚችል ኮድ የምመርጠው እሱን ነው።

ሁለተኛው መንገድ በ2007 ከሊኑክስ 2.6.22 ጋር የገባው ሲግናልኤፍዲ ነው። ሲግናሎቹ ይታገዳሉ፤ ሃንድለር አይጻፍም፤ ከዲስክሪፕተሩ 128 ባይት የሆነ መዋቅር ሲነበብ የሲግናሉ ቁጥርና የላኪው ማንነት ይገኛል። እገዳው ከተረሳ ሲግናሉ እንደ ቀድሞው ነባሪ እርምጃውን ይፈጽማል። መቆጠር አለመቻሉም አይለወጥም። በቢኤስዲ ሥርዓቶችና በማክ ኦኤስ ተመሳሳዩን ሚና የሚጫወተው ኬኪው ነው።

ልጅ ፕሮሰሶችና ትሬዶች

ሲግቻይልድ የማይቆጠር መሆኑ በተግባር የሚጎዳው እዚህ ነው። ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ ቢሞቱ አንድ ሲግናል ብቻ ሊደርስ ይችላል፤ በአንድ ሲግናል ዌይትፒአይዲን አንዴ የሚጠራ ፕሮግራም ሁለቱን ዞምቢ (ሞቶ መዝገቡ ያልተነሣ ፕሮሰስ) አድርጎ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ዌይትፒአይዲ ዳብልዩ-ኖሃንግ በተባለው አማራጭ፣ ዜሮ ወይም ልጅ እንደሌለ የሚናገረውን የኢቻይልድ ስህተት እስኪመልስ ድረስ በሉፕ ይጠራ። ልጅ ለጊዜው ሲቆም ሳይሆን ሲሞት ብቻ ማወቅ ከተፈለገ ኤስኤ ኖ-ሲኤልዲ-ስቶፕ ይጨመር።

በፎርክ (ፕሮሰስን በሚያባዛው ጥሪ) የተፈጠረ ልጅ እርምጃዎቹንና ማስኩን ይወርሳል፤ ተጠባባቂ ሲግናሎችን ግን አይወርስም። ኤግዜክ ሲደረግ ሃንድለሮች ወደ ነባሪው ይመለሳሉ፣ ችላ የተባሉት ችላ እንደተባሉ ይቀጥላሉ፣ ማስኩም እንዳለ ያልፋል። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ ወላጁ ሲግተርምን አግዶ ለፒፖል ተዘጋጅቷል፤ ልጁ ሌላ ፕሮግራም ሲያስኬድ እገዳው ይከተለዋል፤ ስለ እገዳው የማያውቀው ያ ፕሮግራም ሲግተርም ቢላክለት አይሰማም። ከፎርክ በኋላ፣ ከኤግዜክ በፊት የተቀመጠውን የቀድሞ ማስክ መመለስ ግዴታ ነው።

በብዙ ትሬድ ፕሮግራም እርምጃው የፕሮሰሱ ሁሉ የጋራ ሲሆን ማስኩ የእያንዳንዱ ትሬድ የግል ነው፤ ለፕሮሰሱ የተላከ ሲግናል ካላገዱት ትሬዶች ለአንዱ ይደርሳል፤ ለየትኛው እንደሚሆን ግን መተማመን አይቻልም። ሲግፕሮክማስክ በዚህ ሁኔታ ያለው ባሕርይ በፖዚክስ አልተደነገገም፤ በቦታው ፒትሬድ-ሲግማስክ ይገባል። ቀላሉ ንድፍ ዋናው ትሬድ ሌላ ትሬድ ከመፍጠሩ በፊት ሲግናሎቹን ማገድ ነው፤ የሚፈጠሩት ሁሉ እገዳውን ይወርሳሉ። ከዚያ አንድ ትሬድ ብቻ በሲግዌይት ይጠብቃል። ይህ ትሬድ ሃንድለር ሳይሆን ተራ ኮድ ስለሆነ ፕሪንትኤፍም ሆነ ሚውቴክስ አይከለከልም።

ሲግፓይፕ እና ሲግሴግቪ

አንባቢ በሌለው ግንኙነት ላይ ሲጻፍ የሚላከውን ሲግፓይፕን የኔትወርክ ፕሮግራም ከጅምሩ ችላ ይበለው፤ ራይት ኢፓይፕን ሲመልስ ችግሩ በተከሰተበት ቦታ ይስተናገዳል። ቤተ መጻሕፍት እየተጻፈ ከሆነ ግን የባለቤቱን እርምጃ መቀየር ተገቢ ስላልሆነ፣ በሴንድ ጥሪ ላይ ኤምኤስጂ ኖሲግናል የተባለውን ፍላግ መጠቀም ይመረጣል።

የተሳሳተ የማህደረ ትውስታ ንክኪን የሚያሳውቀውን ሲግሴግቪን ይዞ ሥራ ለመቀጠል መሞከር አይመከርም። ሃንድለሩ በተራ ሁኔታ ከተመለሰ ያው የተሳሳተ መመሪያ እንደገና ይፈጸማል፣ ሲግናሉም ይደገማል። አጭር መረጃ በራይት ጽፎ መሞት ከሆነ ዓላማው፣ ስታኩ ሞልቶ ሊሆን ስለሚችል ሃንድለሩ በሲግአልትስታክ በተዘጋጀ ሌላ ስታክ ላይ መሥራት አለበት።

በአግባቡ መሞት

የመቆም ምልክቱ በርቶ ማጽዳቱ ሲያበቃ፣ የሲግናሉን እርምጃ ወደ ነባሪው መልሶ፣ እገዳውን አንሥቶ፣ ያንኑ ሲግናል ለራስ መላክ ትክክለኛው አወጣጥ ነው። ለምን? ወላጁ ልጁ በሲግናል መሞቱን የሚያውቀው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ባሽ በስክሪፕት ውስጥ ኮንትሮልና ሲ ሲጫን ስክሪፕቱን ማቋረጥ አለማቋረጡን የሚወስነው ልጁ በሲግኢንት መሞቱን አይቶ ነው፤ በቁጥር 130 በተራ መንገድ የወጣ ፕሮግራም ስክሪፕቱ እንዲቀጥል ሊያደርግ ይችላል። ማጽዳቱ ረጅም ከሆነ ደግሞ፣ ከመጀመሩ በፊት ሲግኢንትን ወደ ነባሪው መልሶ እገዳውን ማንሣት ትዕግሥቱ ላለቀ ተጠቃሚ ሁለተኛውን ኮንትሮልና ሲ ፍሬያማ ያደርግለታል።

ጊዜውም ገደብ አለው። የሊኑክስ አገልግሎት አስተዳዳሪው ሲስተምዲ በነባሪ አቀማመጡ ከሲግተርም በኋላ 90 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ፕሮግራሞችን በኮንቴይነር ለይቶ የሚያስኬደው ዶከር በአብዛኛው 10 ሰከንድ፤ ከዚያ የሚመጣው ሲግኪል ነው። በኮንቴይነር ውስጥ ቁጥር 1 ሆኖ የሚሠራ ፕሮሰስ ደግሞ ሃንድለር ያልጫነበት ሲግተርም ምንም አያደርገውም፤ ከርነሉ ነባሪውን የመግደል እርምጃ በእሱ ላይ አይፈጽምም። ኮንቴይነሩ ለመቆም ሁልጊዜ 10 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መፈተሽ

በሊኑክስ ላይ በፕሮክ ማውጫ፣ በፕሮሰሱ ቁጥር ሥር፣ ስታተስ የተባለው ፋይል የታገዱትን፣ ችላ የተባሉትንና የተያዙትን ሲግናሎች በ16 መሠረት ቁጥር ያሳያል። ለሲግኢንት (ቁጥር 2) እና ለሲግተርም (ቁጥር 15) ብቻ ሃንድለር የጫነ ፕሮግራም በተያዙት መስመር ላይ 4002 ያሳያል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የ15ኛው ቢት፣ የመጨረሻው የ2ኛው ቢት ነው። ፕሮግራሙ በፒፖል ውስጥ ተኝቶ ሳለ ፋይሉ ቢነበብ የታገዱት መስመር ባዶ ይሆናል፤ በሥራ ላይ ሳለ ቢነበብ 4002 ነው። ሲግናልኤፍዲን በሚጠቀም ፕሮግራም ላይ የታገዱት ሁልጊዜ 4002፣ የተያዙት ባዶ መሆን አለባቸው። በታገዱት መስመር ላይ ከዚህ የተለየ ቁጥር ከታየ ከወላጁ የተወረሰ ነገር ሊኖር ይችላል።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ በሙሉ ጭነት ሲሠራ ጉዳት የሌለውን ሲግናል፣ ለምሳሌ ቅንብርን እንደገና የሚያስነብበውን ሲግሃፕ፣ ከሌላ ፕሮሰስ ያለ ፋታ በሉፕ ይላኩለት። ኢኢንትርን የማያስተናግድ ጥሪ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ያጋልጣል። የመመርመርና የመተኛት ክፍተቷን ለማግኘት ግን ይህ አይበቃም፤ የሚቀጥለው ሲግናል ያለፈውን ስህተት ይሸፍነዋል። ለእሷ በምርመራውና በፖል መካከል ለጊዜው የሁለት ሰከንድ እንቅልፍ ያስገቡና በዚያ መካከል አንድ ሲግተርም ብቻ ይላኩ። እንቅልፉ ራሱ በሲግናሉ ሊቋረጥ ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን ከዚያ አልፎ ፖል ላይ ተኝቶ ከቀረ ክፍተቷ አለች ማለት ነው።